«ማጆር ሪቪዥን» (ትልቅ እርማት ያስፈልገዋል) ተብሎ ተመለሰልኝ፤ ውድቅ ሆነ ማለት ነው?

የጠዋት_ፀሐይ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:10)

ሰላም ለሁላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጤና ነው የማስተምረው። ከማስተርስ ጥናቴ ያወጣሁትን ጽሑፍ ለአንድ የውጭ ጆርናል ከላክሁ ሰባት ወር ሆነኝ። በየሳምንቱ ገብቼ አያለሁ። መጀመሪያ ሁለት ወር ሙሉ «ኤዲተሩ ጋ ነው» ይል ነበር፤ ከዚያ «በግምገማ ላይ» አለና እዚያው ቆመ።

ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ ኢሜይሌን ስከፍት ደርሷል። «ጽሑፍዎ አሁን ባለበት ሁኔታ ሊታተም አይችልም» ይላል ሲጀምር። እዚያ ላይ ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት እንደምንም ጨክኜ ቀሪውን አነበብኩ። ሁለት ገምጋሚዎች ናቸው። አንደኛው ስድስት ነጥብ ነው ያነሳው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለተኛው ሠላሳ አንድ ነጥብ ጽፏል። እንግሊዝኛዬን፣ ናሙናዬን፣ ትንተናዬን፣ ማጠቃለያዬን፣ ምንም የተወው ነገር የለም። «ደራሲዎቹ መሠረታዊ የኤፒዲሚዮሎጂ ዕውቀት የሚጎድላቸው ይመስላል» የሚልም አለበት። ሆድ ባሰኝ።

ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ሁለት ባልደረቦቼን አማከርኩ። አንዱ «ይሄ በጨዋ አማርኛ ሪጀክት ነው፣ ተይው» አለኝ። ሌላው በአምስት ቀን የሚያወጣ ጆርናል አውቃለሁ፣ ክፍያው 150 ዶላር ነው ብሎ ሊንኩን ላከልኝ። የደረጃ ዕድገት የማመለክትበት ጊዜ እየደረሰ ነው፣ ስለዚህ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። የሚወስነው ማን ነው? ሁለተኛው ገምጋሚ ይህን ያህል ከጠላው ኤዲተሩ ለምን ጨርሶ አልመለሰውም? ጥናቱ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በአግባቡ የማይወስዱ ታካሚዎች ላይ ነው። ናሙናው 422 ሰው ነው።

ስንቅ_ከኡፕሳላ

እንኳን ደስ አለሽ! ከልቤ ነው የምልሽ። እዚህ ስዊድን ዶክትሬቴን ስጀምር የመጀመሪያውን ማጆር ሪቪዥን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እሷ ደብዳቤውን አይታ ቡና ልጋብዝሽ አለችኝ። ውድቅ ሲሆን ደብዳቤው «በድጋሚ እንዲልኩ እንጋብዛለን» አይልም፣ ቀነ ገደብም አይሰጥም። ያንቺ ላይ ቀነ ገደብ አለ?

የጠዋት_ፀሐይ

አዎ፣ 60 ቀን ይላል። መጨረሻ ላይ ነበር፣ አላስተዋልኩትም!

ዘ_እንጦጦ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:25)

እህቴ፣ እኔ በአንድ ጆርናል ውስጥ ተባባሪ ኤዲተር ሆኜ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊትም ገምጋሚ ነበርኩ። የጆርናሉን ስም አልጠቅስም። የሰባት ወሩን ጉዞ ከእኛ በኩል ሆኜ ልንገርሽ፤ ደራሲ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ዝምታው ብዙ ነገር ያሳስበዋልና።

ጽሑፉ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚያየው ጽሕፈት ቤቱ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ቁጥሩ አለ? የደራሲዎቹ ስም ተሟልቷል? ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል? ይህን በሶፍትዌር ያጣራሉ። ከዚያ ወደ ኤዲተር ይመጣል። ኤዲተሩ አርዕስቱን፣ አጭር መግለጫውን፣ ዘዴውን፣ ሠንጠረዦቹን ያያል። ከጆርናሉ ዓላማ ጋር የማይሄድ ከሆነ ወይም ዘዴው ከመሠረቱ የተበላሸ ከሆነ ለገምጋሚ ሳይላክ እዚያው ይመለሳል። ያንቺ ይህን በር አልፏል። በትልልቆቹ ጆርናሎች ብዙው ጽሑፍ የሚቀረው እዚያ በር ላይ ስለሆነ ይህን እንደ ቀላል አትዪው።

አሁን ወደ ዝምታው። «ኤዲተሩ ጋ ነው» የሚለው ሁለት ወር ምን እየተሠራ ነበር? ምናልባት ገምጋሚ ፍለጋ። እኔ በቅርቡ ለያዝኩት አንድ ጽሑፍ አሥራ አራት ሰው ጋብዣለሁ። አምስቱ ጊዜ የለኝም አሉ። ሰባቱ ጨርሶ አልመለሱም። ሁለቱ እሺ አሉ፣ ከሁለቱ አንዷ ቀኑ ካለፈ በኋላ «አባቴ ታሞብኛል፣ አልቻልኩም» ብላ ጻፈችልኝ። ምን ልበላት? እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። ገምጋሚ ደመወዝ የለውም። ማታ ማታ፣ ፈተና አርሞ፣ ልጅ አስተኝቶ ነው የሚያነብልሽ። ሠላሳ አንድ ነጥብ የጻፈ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀኑን ሰጥቶሻል፤ ቃሉ ይጎመዝዛል፣ ግን ጽሑፍሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦታል። እኔ የምፈራው «ጥሩ ነው፣ ይታተም» ብሎ በሁለት መስመር የሚልክልኝን ነው።

የሚወስነው ማን ነው ላልሽው፦ ኤዲተሩ። ገምጋሚ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይፈርድም። ድምፅ ቆጠራም አይደለም። ሁለት ገምጋሚ «ይመለስ» ብለው እኔ ደራሲውን የጋበዝኩበት ጊዜ አለ፣ ሁለቱም «ይታተም» ብለው እኔ ያልተቀበልኩበትም አለ። ደግሞ አንቺ የማታዪው ሌላ ሣጥን አለ፤ ገምጋሚው ለኤዲተሩ ብቻ የሚጽፍበት። ላንቺ ሠላሳ አንድ ነጥብ የደረደረው ሰው እዚያ «ርዕሱ ጠቃሚ ነው፣ ዕድል ይሰጣቸው» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ የኤዲተሩን ደብዳቤ ደግመሽ አንብቢ። የገምጋሚዎቹን አይደለም፣ የእሱን። ብዙ ጊዜ «በተለይ ስለ ትንተናው የተነሳውን» ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል። የወረቀትሽ ዕጣ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተማሪ_ነኝ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ገምጋሚው የደራሲውን ስም ያያል? ከኢትዮጵያ መሆናችንን አይቶ ቢንቀንስ? ደግሞስ ይሄ ሥርዓት ድሮም እንዲህ ነበር?

ዘ_እንጦጦ

እንደ ጆርናሉ ነው ልጄ። በአንዳንዱ ገምጋሚው ያንተን ስም ያያል፣ አንተ የሱን አታይም። በሌላው ሁለታችሁም አትተያዩም፤ ያኔ ከጽሑፉ ላይ ስምህን፣ የዩኒቨርሲቲህን ስም፣ «ቀደም ሲል ባሳተምነው ጥናት» የሚለውን ሁሉ አንተው ታወጣለህ። ሁሉም በግልጽ የሚሆንበት፣ ግምገማው ራሱ ከጽሑፉ ጋር የሚታተምበትም አለ። ከመላክህ በፊት የጆርናሉ ገጽ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ታሪክ_ፈላጊ

የታሪኩን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፣ የምወደው ርዕስ ነው። ጆርናል ራሱ አሮጌ ነው። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ»ን የጀመረው በ1665 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ግን ምን እንደሚወጣ የሚመርጠው በዋናነት እሱ ራሱ ነበር። ለውጭ ሰው ሰጥቶ በጽሑፍ ማስገምገም የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፣ ሁሉም ጋ ለመዳረስ ደግሞ ብዙ ቆየ። ታዋቂው ጆርናል «ኔቸር» የውጭ ግምገማን ለሁሉም ጽሑፍ ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው። የዋትሰንና የክሪክ የዲኤንኤ ጽሑፍ በ1953 እዚያው ሲወጣ ለውጭ ገምጋሚ አልተላከም።

ደግሞ ለእህታችን የሚሆን አንድ ታሪክ። በ1936 አንስታይንና ናታን ሮዘን የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለ«ፊዚካል ሪቪው» ላኩ። ኤዲተሩ ጆን ቴት ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚው ስህተት አለበት ብሎ ረጅም አስተያየት ጻፈ። አንስታይን ተቆጣ። ሳይታተም በፊት ለሌላ ሰው እንድታሳየው አልፈቀድኩም ብሎ ጽሑፉን አነሳው። በኋላ ግን ስህተቱ እውነት ሆኖ ተገኘና፣ ጽሑፉ በሌላ ጆርናል ሲወጣ ድምዳሜው ተቀይሮ ነበር። ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን እንደነበር የታወቀው ብዙ አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። አንስታይንም ቢሆን ያላየውን ነገር ሌላ ዓይን አየለት። እና አንቺ ብታዝኚ አይገርምም፣ ግን እንዳትተዪው።

ቁጥር_ወዳጅ (ረቡዕ፣ ማታ 2:00)

ስታቲስቲክስ ነው ሥራዬ። የጠዋት_ፀሐይ፣ እስቲ ከሠላሳ አንዱ በጣም የከበዱሽን ሦስቱን እዚህ ጻፊልን። በደፈናው አይዞሽ ከምንልሽ ቁጭ ብለን ብናየው ይሻላል።

የጠዋት_ፀሐይ

እሺ። በእኔ ቃል ላስቀምጠው።

ነጥብ 4፦ ናሙናውን ስታሰሉ በአግባቡ የማይወስዱትን ድርሻ ለምን 50 በመቶ ብላችሁ ወሰዳችሁ? ደግሞ ሞዴላችሁ ውስጥ 24 ተለዋዋጮች አሉ፣ ለዚህ የሚበቃ ዳታ አላችሁ?

ነጥብ 11፦ ኦድስ ሬሾን እንደ ሪስክ (የመድረስ ዕድል) ንጽጽር ነው የተረጎማችሁት።

ነጥብ 19፦ በአንድ ጊዜ በተሰበሰበ ዳታ «ድብርት መድኃኒት ማቋረጥን ያስከትላል» ማለት አትችሉም።

መልስ የሰጡን 409 ናቸው። ከእነሱ 163ቱ በአግባቡ አይወስዱም።

ቁጥር_ወዳጅ

ያንቺ ገምጋሚ ቃሉ ሻካራ ነው፣ ግን ሦስቱም ላይ ልክ ነው። አንድ በአንድ እንሂድ።

422! እኛ አገር የጤና ቴሲስ ያነበበ ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። 1.96ን በራሱ አባዢ፣ በ0.5 እና በ0.5 አባዢ፣ ለ0.05 (የስህተት ወሰኑ) ስኩዌር አካፍዪ፣ 384 ይመጣል። 10 በመቶ መልስ ለማይሰጡ ጨምሪ፣ 422። 50 በመቶ የሚወሰደው ከዚህ በፊት በቂ ጥናት ከሌለ ነው። ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ ግን ኢትዮጵያ ውስጥም ጥናት አለ፤ ገምጋሚው «ለምን ከእነሱ አልወሰዳችሁም» ማለቱ ነው። መልስሽ ቀላል ነው፦ 50 በመቶ ለዚህ የስህተት ወሰን ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ ግምቱን አይጎዳም፣ ምክንያቱን በዘዴው ክፍል ጽፈናል በዪ። ጻፊውም።

የሚከብደው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ያ ቀመር የሚያገለግለው «ስንት በመቶው» ለሚል ጥያቄ ነው፣ «ከምን ከምን ጋር ይያያዛል» ለሚለው አይደለም። 163ን ለ24 ብታካፍዪ ለአንድ ተለዋዋጭ 7 ያህል ሰው አይደርሰውም። የተለመደው መነሻ ቢያንስ 10 ነው። እርግጠኛ ነኝ 24ቱን ያገኘሻቸው «በመጀመሪያው ትንተና ፒ (የስታቲስቲክስ ጉልህነት መለኪያው) ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ አስገባን» በሚለው ነው፣ ሁላችንም እንዲያ ነው የተማርነው። አሁን ቁጭ በዪና በንባብ፣ በክሊኒክ ልምድ ትርጉም ያላቸውን 10 ወይም 12 ብቻ ምረጪ። እንደገና አስኪጂው። ውጤቱ ቢቀየር የተቀየረውን ጻፊ።

ኦድስ ሬሾውን በምሳሌ እንየው። ከሩቅ ከሚመጡ 100 ታካሚዎች 60ዎቹ፣ ከቅርብ ከሚመጡ 100 ደግሞ 40ዎቹ መድኃኒቱን ያስታጉላሉ እንበል። ማንም ሰው ቢጠየቅ «አንድ ተኩል እጥፍ ነው» ይላል፣ 60 ለ40። ኦድሱ ግን፣ ማለትም የሚያስታጉሉት ለማያስታጉሉት ሲካፈል፣ በአንዱ ወገን 60 ለ40፣ በሌላው 40 ለ60 ነው፤ አንዱን ለሌላው ስታካፍዪ 2.25 ይመጣል። አንቺ «ከሁለት እጥፍ በላይ የመታጎል ዕድል አላቸው» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢ የሚረዳው ከእውነታው የተጋነነ ነው። ነገሩ ብርቅ ቢሆን፣ ከመቶ ሁለት ሦስት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ቢሆን፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ያንቺ ግን 40 በመቶ ገደማ ነው። ወይ አጻጻፉን አስተካክዪ፣ ወይ በፖይሰን ሪግሬሽን ሠርተሽ ቀጥታ ንጽጽሩን አውጪ። ኮዱን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

19ኛው ላይ አትከራከሪ። ድብርቱና ማቋረጡ በአንድ ቀን፣ በአንድ መጠይቅ ነው የተለኩት። መድኃኒት ማቋረጡ፣ ግፊቱ መጨመሩ፣ ሰውነት መድከሙ ድብርቱን አምጥቶት ሊሆን ይችላል። «ያስከትላል»ን አውጥተሽ «ጋር ተያይዞ ታይቷል» በዪ። በአጭር መግለጫውም፣ በማጠቃለያውም፣ በአርዕስቱም። አንዱን አስተካክለሽ ሌላውን ከረሳሽ በሁለተኛው ዙር ይይዝሻል።

አፈር_እና_ዘር (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:30)

በአምስት ቀን ስለሚያወጣው ጆርናል ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልመልስ። የአፈር ተመራማሪ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ተቻኩዬ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላክሁ። በአራተኛው ቀን «ተቀብለናል» አሉኝ። የገምጋሚው አስተያየት «ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሰዋስው ይታረም» የሚል ብቻ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከፈልኩ። ወጣ። ለዕድገት ሳስገባው ኮሚቴው ጆርናሉ ዕውቅና የለውም ብሎ አላስቆጠረልኝም። ሌላ ቦታ እንዳልወስደው ደግሞ ታትሟል። አንሡልኝ ብዬ ስጽፍ ለማንሻ ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ። ሦስት የዝናብ ወቅት በእግሬ እየሄድኩ የሰበሰብኩት ዳታ ነው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የሞላ የመድኃኒት ጥናት ፈጥሮ ለ304 ጆርናሎች ላከ። የደራሲዎቹ ስም የአፍሪካ ስም ተደርጎ የተፈጠረ ነበር፤ በአንዱ ላይ አስመራ አለ የተባለ፣ በእውነት የሌለ ተቋም ተጽፏል። 157ቱ ተቀበሉት። ውጤቱን «ሳይንስ» የተባለው ጆርናል ላይ ነው ያወጣው።

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፣ በእኔ ደጅ ተቆርጧል። አንቺ ሊንኩን ዝጊው። ጆርናል ስትመርጪ ኤዲተሮቹ እውነተኛ ሰዎች መሆናቸውን በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ አጣሪ፣ ከዚያ ጆርናሉ ከዚህ በፊት ካወጣቸው ጽሑፎች ሁለት ሦስቱን አውርደሽ አንብቢ፣ ዩኒቨርሲቲሽ የሚቀበለውን ዝርዝር ከምርምር ቢሮ ጠይቂ። ክፍያ መኖሩ ብቻ ሌባ አያደርጋቸውም። ትክክለኛ ሆነው የሚያስከፍሉ አሉ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ደግሞ ከኢትዮጵያ ለሚልክ ደራሲ ክፍያውን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ግን በምትልኪበት ሰዓት ነው መጠየቅ ያለብሽ፣ ከተቀበሉሽ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ሐቁን_እናውራ

እኔ ግን እዚህ ሁሉም ሰው ግምገማን ሲያሞግስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት አንድ ገምጋሚ «ይህ ጥናት ከኢትዮጵያ ውጭ ላለ አንባቢ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። አንድ የአውሮፓ ከተማ ላይ የተሠራ ጥናት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሌላው የራሱን አምስት ጽሑፎች ካልጠቀሳችሁ አለን። ደግሞ ሥርዓቱን እናምነዋለን ስትሉ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. «ሴጅ» የተባለው አሳታሚ ከአንድ ጆርናል 60 ጽሑፍ ሰርዟል፤ ደራሲዎች በሐሰት ስምና ኢሜይል ራሳቸውን በራሳቸው ሲያስገመግሙ ተደርሶባቸው ነው። በ2023 ደግሞ «ሂንዳዊ» የተባለው አሳታሚ ጆርናሎች በአንድ ዓመት ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፍ ሰርዘዋል። ሥርዓቱ በር አለው እንጂ ዘበኛው ሁሌ ንቁ አይደለም።

ዘ_እንጦጦ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱንም አልክድህም። ገምጋሚ ጥሬ ዳታህን አብዛኛውን ጊዜ አያይም፤ የጻፍከውን አምኖ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሆን ብሎ የዋሸን ሰው ለመያዝ ሥርዓቱ ደካማ ነው። ሳያውቅ የተሳሳተን ሰው ለማረም ግን ይጠቅማል፣ የእህታችን ጉዳይ ደግሞ ይሄኛው ነው።

በራስህ ላይ ለደረሰው ግን መፍትሔ አለ። «ጽሑፎቼን ጥቀስ» ያለህን ሰው ለኤዲተሩ ለብቻ ጻፍለት። «ከተዘረዘሩት አምስቱ አንዱ ከርዕሳችን ጋር ስለሚገናኝ ጠቅሰነዋል፤ ቀሪዎቹ ግንኙነት የላቸውም» በል። እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ያንን ገምጋሚ ዳግመኛ ጋብዤው አላውቅም። «ለውጭ አንባቢ ምን ይጠቅማል» የሚለው እኔንም ያንገበግበኛል። ገምጋሚዎቻችን ከአንድ አካባቢ ብቻ ስለሚመጡ ነው። ለዚህ ነው እዚህ ላሉ ወጣቶች የምለምነው፦ ግብዣ ሲመጣላችሁ፣ ርዕሱን የምታውቁት ከሆነ፣ እሺ በሉ። ጤና ጣቢያው ምን እንደሚመስል፣ ታካሚው ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በገምጋሚነት ሲቀመጥ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የሰው ጽሑፍ ለግምገማ ሲደርሳችሁ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላይ ለጥፋችሁ «ገምግምልኝ» አትበሉ። ገና ያልታተመ የሰው ሥራ በምስጢር ነው የተሰጣችሁ፤ ብዙ አሳታሚዎችም በግልጽ ይከለክላሉ።

ስንቅ_ከኡፕሳላ (ሐሙስ፣ ማታ 3:15)

የጠዋት_ፀሐይ፣ መልስ አጻጻፉን እኔ ላሳይሽ፣ ግማሹ ሥራ እሱ ነውና። ዛሬ አትጻፊ። ሦስት ቀን አሳልፊ። ከዚያ ሠላሳ ሰባቱንም ነጥብ ቃል በቃል አዲስ ፋይል ላይ ገልብጪ፣ በእያንዳንዱ ሥር መልስሽን፣ የተቀየረውን ዓረፍተ ነገር ከነገጹና ከነመስመር ቁጥሩ አስቀምጪ። አንድም እንዳይዘለል። «ኮማ ጎድሏል» ላለው እንኳ «አስተካክለናል፣ ገጽ 6፣ መስመር 112» በዪ። ኤዲተሩ ጽሑፉን ሁሉ ደግሞ ላያነብ ይችላል፣ ይህን ፋይል ግን ያነባል።

የማትስማሚበት ካለ ተከራከሪ፣ መብትሽ ነው። «ገምጋሚው አልገባውም» ግን አትበዪ። አልገባው ከሆነ አጻጻፋችን ግልጽ አልነበረም ማለት ነውና ዓረፍተ ነገሩን አስተካክለሽ «አሁን ግልጽ አድርገነዋል» በዪ። ያንን «መሠረታዊ ዕውቀት» የሚለውን አረፍተ ነገር ደግሞ ዝም ብለሽ እለፊው። ጥያቄ የለበትም፣ መልስም አያስፈልገውም።

60 ቀን ካልበቃሽ ከማለቁ በፊት ለኤዲተሩ ሁለት መስመር ጻፊና ጨምሩልኝ በዪ። አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራሉ።

የጠዋት_ፀሐይ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ላክሁት።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ የኤዲተሩን ደብዳቤ ደግሜ ሳነበው «በተለይ ነጥብ 4 እና 11 ላይ ዝርዝር መልስ እንጠብቃለን» የሚል አገኘሁበት። ቁጥር_ወዳጅ ኮዱን ልኮልኝ 24ቱን ተለዋዋጭ ወደ 11 አወረድነው። ከስድስቱ «ጉልህ» ካልናቸው ሁለቱ ወደቁ። ለአንዱ በማጠቃለያው ሙሉ አንቀጽ ጽፌለት ነበር፤ አወጣሁት። የርቀቱ ጉዳይ ግን ቀረ፤ ቁጥሩ አነሰ እንጂ ቀረ። «ያስከትላል» የሚለውን ቃል ስፈልግ ዘጠኝ ቦታ አገኘሁት፣ አንዱ የሠንጠረዥ ርዕስ ውስጥ ነበር።

የመልሱ ፋይል 19 ገጽ ሆነ። ከጽሑፉ ይረዝማል።

ስታተሱ አሁን «ኤዲተሩ ጋ ነው» ይላል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያልጠበቅሁት ኢሜይል መጣልኝ። ሌላ ጆርናል ነው፣ ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት አወሳሰድ የተሠራ ጥናት እንድገመግም ይጋብዘኛል። ናሙናው 423 ነው። እሺ ብያለሁ።